ወፍራም ጎማ ለሻካራ ሰፈር

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ካሉ መሬቱ በየመንደሩ ጠባዩን ይቀያይራል። ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ጀርባ፣ ከቤቴል ወደ ወይራ ሰፈር፣ ከአየር ጤና ወደ አለም ባንክ ሲሄዱ አንዱ መንደር ኮብልስቶኑ ገና እንደተነጠፈ ነው። ሌላው ለውኃ ቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ እንደነገሩ ተመልሶ ጎበጥ ሰመጥ ብሏል። ሦስተኛው ገረጋንቲ ተደፍቶበት ተራውን ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ በቀጭን ጎማ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው የደነዘዙ ጣቶቹን ማፍታታት ነው።

ምክንያቱን ማስላት አይከብድም። የኮብልስቶን ድንጋይ ወርዱ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሰከንድ ከአራት ሜትር በላይ ይጓዛል። እያንዳንዱ ጎማ በየሰከንዱ ከ40 በላይ የድንጋይ ጠርዝ ይመታል ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ተጠራቅሞ ከእጅ አንጓ እስከ ጥርስ ይደርሳል።

ሰፊ ጎማ ያለውን ብስክሌት ይዞ በዚያው መንገድ የሚወርድ ሰው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ አልጠፋም፤ ድምፁም አለ። ምቱ ግን ጎማው ውስጥ ይቀራል። በእኔ ብስክሌት ላይ የሰፈር ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ጎማ ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩ የታለ?» ይላሉ፤ አንዱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ ሥር ይፈልጋል። ሞተር እንደሌለው ሲያውቁ ትንሽ ቅር ይላቸዋል፤ ወዲያው ግን «አንድ ዙር ብቻ!» ይጀመራል። ብስክሌት በዙር ተከራይቶ ያደገ አዲስ አበቤ ይህን ልመና ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ይህ ዓይነቱ ብስክሌት ከፊት ሹካው ላይ ሞላ አለው፤ ከኋላ ግን ፍሬሙ ደረቅ ነው። ነጂዎቹ ሃርድቴይል የሚሉት ለዚህ ነው። የተለመደው የተራራ ብስክሌት ጎማ ሁለት ኢንች ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ስፋት አለው። ከ2.6 እስከ 3 ኢንች የሚደርሰው «ፕላስ» ይባላል፤ ከ3.8 እስከ 5 ኢንች የሚሆነው ደግሞ «ፋት ባይክ» ነው። የእኔው 3 ኢንች ነው። የኋላ ሞላ አለመኖሩ ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ለኮልፌ እንደ ጥቅም አየዋለሁ። የኋላ ሞላ ያለው ፍሬም መታጠፊያዎች፣ ኩሽኔታዎችና የዘይት ማኅተሞች አሉት፤ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ደግሞ እነዚህን ነው መጀመሪያ የሚበላው። ሃርድቴይል ከኋላ የሚበላሽ ሞላ የለውም። ያንን ሥራ ጎማው ውስጥ ያለ አየር ይሠራዋል፤ አየር ደግሞ በየጎሚስታው አለ።

ችግሩ ጎሚስታው ጋ ነው የሚጀምረው። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ቱቦውን ይዞ ሲመጣ «ስንት ልሙላው ጋሼ?» አለኝ።

«አንድ ባር ይበቃል።»

«አንድ?» ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ይሄማ ባዶ ነው። ቸርኬው ይጎዳብዎታል። ሦስት ላድርገው፣ ጠንከር ይበል።»

የልጁ ምክር ከልምዱ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሞላው የሚኒባስና የአይሱዙ ጎማ ነው፤ ለእነሱ የለሰለሰ ጎማ ነዳጅ ይበላል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። ብስክሌትም ቢሆን እሱ የሚያውቀው ቀጭን ጎማ ያለውን ነው፤ ያ ደግሞ በአንድ ባር ቢነዳ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። የሰፊው ጎማ ሒሳብ ግን ሌላ ነው።

ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ከዚህ ውስጥ ስድሳ በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 54 ኪሎው፣ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። አንድ ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ የሚገፋ አየር ነው። ስለዚህ በሦስት ባር የተሞላ ጎማ 54 ኪሎውን ለመሸከም 18 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት መንካት ይበቃዋል። በአንድ ባር ግን 54 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይነካል። ክብደቱ ያው ነው፤ የሚይዘው መሬት ሦስት እጥፍ ሆነ። እያንዳንዱን ድንጋይ ከመዝለል ይልቅ ብዙ ድንጋዮችን በአንድ ጊዜ አቅፎ ያልፋል። ለዚህ ግን ጎማው ከቸርኬው ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቸርኬው ድንጋዩ ላይ እንዳይደርስ። ሰፊ ጎማ ከፍታም አለው፤ ዝቅተኛ አየርን የሚችለው ለዚህ ነው።

አውራ ጣትም እዚህ ላይ ያሳስታል። የጎማው ግድግዳ ምን ያህል እንደሚወጠር የሚወስነው የአየሩ ግፊት ብቻ አይደለም፤ ስፋቱም ነው። ስፋቱ እጥፍ የሆነ ጎማ ግማሽ አየር ይዞ እኩል ይወጠራል። በአንድ ባር ያለው የእኔ ጎማ በጣት ሲጫኑት በሁለት ባር ያለውን ቀጭን ጎማ ያህል ጠንካራ ይመስላል፤ በሦስት ባር ቢሞላ ደግሞ ጎማው ላይ ከተጻፈው ልክ ሊያልፍ ይችላል። ጎኑን አሳየሁት፤ የተጻፈውን አነበበና «እሺ፣ በርስዎ ኃላፊነት» ብሎ ሞላ። የኮምፕሬሰሩ መለኪያ ግን ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ከአንድ በታች ያለውን በደንብ አይለይም። ትንሽ የእጅ መለኪያ ይዞ መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ እንዲህ ባለ ጎማ ላይ የባር አንድ አሥረኛም በግልጽ ይታወቃል።

በነገራችን ላይ የብስክሌት የአየር ጎማ የተወለደው ለውድድር አይደለም። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው የልጁን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በሻካራ መንገድ ላይ ምቹ ለማድረግ ሲሞክር ባገኘው ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የብስክሌት ዓለም በአብዛኛው ወደ ቀጭን ጎማ አዘነበለ፤ መንገዱ እየለሰለሰ ሄደ፣ ጎማውም ተከተለው። ያፈነገጡት ጥቂቶች ናቸው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በተባለ አውራጃ ወጣቶች ጎማቸው ሁለት ኢንች የሚያልፍ አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶችን እየገፉ የታማልፓይስን ተራራ ወጡ፤ ቁልቁል ተወዳደሩ፤ የተራራ ብስክሌት ከዚያ መጣ። አላስካ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢዲታባይክ የተባለው የክረምት ውድድር ተጀመረ። በረዶው ቀጭኑን ጎማ ስለሚውጥ ነጂዎች ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን እያገጣጠሙ ሰፊ ማረፊያ መሥራት ያዙ። ከዚያ ርቆ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሬይ ሞሊና የተባለ ሰው ለአሸዋ ብሎ 82 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቸርኬ ሠራ። ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት ሰርሊ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ፐግስሊ የተባለውን ፍሬም ከ3.7 ኢንች ጎማ ጋር ለገበያ ሲያቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ያው ኩባንያ ክራምፐስ ብሎ ባለ 3 ኢንቹን አመጣ፤ የፕላስ ዘመን ተጀመረ።

በረዶና አሸዋ። ኮልፌ ሁለቱም የላትም። ያላት ኮብልስቶን ነው።

ኮብልስቶን በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ጋር ተሞክሮ በ2000ዎቹ አዲስ አበባን ያዳረሰ ሥራ ነው። ነዋሪው እያዋጣ የየደጃፉን መንገድ አስነጠፈ። ድንጋይ ጠራቢና አንጣፊ ወጣት ተደራጀ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች መዶሻ ያዙ ተብሎም ብዙ ተቀለደ፣ ብዙም ተቆጨ። መንገዱ ግን ክረምትን ቻለ። ሚኒባስ አይገባም ይባልባቸው የነበሩ መንደሮች በባጃጅ ተገናኙ። ለእግረኛ ጥሩ ነው፤ ለመኪና ይቻላል፤ ለብስክሌት ግን የታሰበበት አይመስልም። በሰሜን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የሚካሄደው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። እዚያ የሚወዳደሩት ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በ25 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በጠበበ ጎማ ይነዱ ነበር፤ ዛሬ ከ30 በላይ ሆነዋል፣ አየሩንም ቀንሰዋል። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው የሚለው እምነት ለስላሳ አስፋልት ላይ ይሠራል። ድንጋይ ላይ ግን ወደ ላይ በዘለሉ ቁጥር ወደ ፊት የሚሄደው ጉልበት ይባክናል፤ የሚንቀጠቀጠው የነጂው ሥጋም ጉልበት ይበላል።

ይህ ግን ሰፊ ጎማ ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የራሱ መጥፎ ጠባይ አለው። አየር ሞላ ነው፤ ነገር ግን የተጫነውን ቶሎ መልሶ የሚገፋ፣ ልጓም የሌለው ሞላ ነው። አየሩ ትንሽ ከበዛ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ብስክሌቱ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ነጂው በጉልበቱና በክርኑ ካልያዘው ይጥለዋል። አየሩ ካነሰ ደግሞ ማዞሪያ ላይ ጎማው ወደ ጎን ይንሸዋረራል፤ መሪው የራሱ ሐሳብ ያለው ይመስላል። መሐከሉን ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ክብደትም ይለያያል።

አቀበቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ክፍለ ከተማው ከደቡብ ምዕራቡ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ከፍ እያለ የእንጦጦ ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ ጋ ይደርሳል። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ያረፈው በዚሁ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ኮረብታ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ ሲያዩ 3,000 ሜትርን የሚያልፈው የወጨጫ ተራራ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባም የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ባለ 3 ኢንች ሃርድቴይል 14 ወይም 15 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ባለ 4 ኢንቹ ከዚያም ይብሳል። ክብደቱ ደግሞ የሚሽከረከረው ጫፍ ላይ ስለሆነ ከቆመበት ሲነሣ ይሰማል። በትንሹ ማርሽ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ እያሉ መውጣት ነው። ቆሞ መርገጥ ሰፊውን ጎማ ያስነጥረዋል፤ ትርፉ ድካም ነው።

ይህ አካባቢ ሰውን በአቀበት መፈተን የለመደ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው፤ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ በኃላፊነት ተቀብለውት። በግለ ታሪኩ ውስጥ ከተኩስ ልምምዱ ሌላ ጠመንጃና ጥይት ተሸክሞ የተጓዘውን አድካሚ ጉዞ፣ ያየውንም ደንና ደጋ ያነሳል። ሐምሌ ላይ እነዚህን ኮረብታዎች የሞከረ ሰው አዘኔታው አይቀርም።

ከአስኮ በላይ ባሉት ባሕር ዛፎች ሥር ያለው ጠባብ የእግር መንገድ ለዚህ ብስክሌት እንደተሠራ ያህል ነው። ቀዩ አፈር ጠንካራ ነው፤ ሥር ይበዛዋል፤ የረገፈው ቅጠልና ልጣጭ ያንሸራትታል። ሰፊው ጎማ ሥሩን ይውጠዋል፣ ቅጠሉ ላይም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መንገዱ ግን የነጂው አይደለም። አጠና የጫነ አህያ፣ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ይመጣሉ፤ ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይሰፋል። እዚህ ላይ ወርዶ፣ ብስክሌቱን ወደ ዳር ይዞ «ይለፉ እማማ» ማለት ግዴታ ነው። የተሸከመ ሰው ቁልቁለት ላይ መቆም አይችልም፤ ፍሬን ያለው ነው መቆም ያለበት። ንጋት ላይ ደግሞ ውሾች አሉ። ከሮጡ ያሳድዳሉ፤ ወርደው ብስክሌቱን በመካከል አድርገው በእግር ከሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋሉ።

ክረምት ሲገባ ታሪኩ በከፊል ይገለበጣል። ኮብልስቶኑ ላይ አሁንም ሰፊ ጎማ ይበልጣል፤ የመኪና ጎማ ያለሰለሰው እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚይዘው መሬት ብዙ ነውና። ገና ኮብልስቶን ያልደረሰበት ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር መረሬ ግን የዚህ ብስክሌት ጠላት ነው። ይህ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል፤ ያኔ ሰፊው ጎማ በላዩ ያልፋል፣ ቀጭኑ ይገባል። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይጣበቃል። ሰው «ሰፊ ጎማ ለጭቃ ጥሩ ነው» ሲል እሰማለሁ፤ ለመረሬ አይሠራም። ጎማው በሰፋ ቁጥር በፍሬሙና በጎማው መካከል የሚቀረው ክፍተት ይጠባል። መረሬው በጎማው ላይ እየተጠቀለለ ያንን ክፍተት ይሞላል፤ ጭድና ጠጠር ሲጨመርበት ደርቆ ይጠነክራል፤ ጎማው መዞር ያቆማል። ያኔ 15 ኪሎ የነበረው ብስክሌት ከነጭቃው ትከሻ ላይ ይወጣል። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ሊነካ ይችላል፤ ሰፊው ላይ ላዩን ሲዋኝ ይቀራል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ከአየር ጤና በታች ያለውን ያልተነጠፈ ሜዳ መተው፣ ድንጋዩንና ቀዩን አፈር መያዝ ነው የሚያዋጣው። ደግሞም በእርጥብ መሬት የሚነዳ ጎማ መንገዱን ይቦረቡራል፤ በማግሥቱ የሚሄድበት እግረኛ ነው።

የሀገራችን የብስክሌት ስፖርት ዓይኑ አስፋልት ላይ ነው የኖረው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁሉም የጎዳና ነው። የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገብቷል፤ በተራራ የተሞላችው ሀገር ግን እስካሁን ብዙም አልቀረበችውም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው፤ ለብዙ የከተማ ልጅ ከአስፋልት ውጪ የመጀመሪያው ሙከራ እዚያ ነው። ከተማው ውስጥም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና በሌለበት ጎዳና ልጆችን በጎማ ላይ አስቀመጠ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከእግረኛው ጎን የብስክሌት መስመር ዘርግቷል። መስመሩ ለስላሳ ነው፤ ለዚያ ሰፊ ጎማ አያስፈልግም። ከመስመሩ እስከ ቤት ያለው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ግን ድንጋይ ነው፤ አብዛኛው የኮልፌ ነዋሪም የሚኖረው በዚያ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ለሰፊ ጎማ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለስፖርቱ ብቻ ቢሆን ብዙ ቃል አላባክንም ነበር።

ከከተማ ይዞ ለመውጣት ላሰበ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ በ0.7 ባር የተስተካከለ ጎማ አዋሽ ሲደርስ ልስልስ ብሎ ይገኛል። አልተበሳም። አዋሽ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል በውጭ ያለው አየር ይከብዳል፤ መለኪያው ላይ 0.15 ባር ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ጥቂት ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ለመኪና ጎማ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ለዚህ ግን ከአምስት አንድ እጅ ነው። እዚያ ሲደርሱ በፖምፓ መጨመር፣ ሲመለሱ መቀነስ።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ባለ 4 ኢንቹን አልመክርም። ለዓይን ያምራል። ነገር ግን የፔዳሉ ስፋት ጉልበት ላይ ይሰማል፣ የኋላ ቸርኬው እምብርት ከተለመደው ስለሚሰፋ ቢሰበር ምትኩ አይገኝም፣ የውስጥ ጎማውም በሰፈር ሱቅ የለም። 2.6 ወይም 3 ኢንች ለኮልፌ ይበቃል፤ ቢቸግር ተራ የውስጥ ጎማ ለጊዜው ተዘርግቶ ሥራ ይሠራል። ያገለገለ ብስክሌት ሲያዩ ከቀለሙ በፊት ጎማው ከፍሬሙ ጋር ያለውን ክፍተት ይዩ፤ አንድ ጣት ካላስገባ ለሐምሌ አይሆንም። ቀጥሎ ፍሬኑ የዲስክ መሆኑን፤ ቸርኬ ላይ የሚነክሰው ፍሬን በጭቃና በአሸዋ ቸርኬውን ራሱን እየፈገፈገ ይጨርሰዋል። ከዚያ ጎማውን በእጅ ጨምቀው ጎኑን ያጥፉ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሳይነካ ጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣል፤ በዝቅተኛ አየር ሲነዳ ቶሎ የሚቀደደውም እዚያው ነው። የጎማው ዋጋ ከብስክሌቱ ላይ ይቀነስልኝ ብሎ መከራከር ያስፈልጋል።